በነጭ ልብስ ጠርዝ የተሰፋ ወርቅ

የወንድሜ ሚስት ቪማላ አንድ ልጇን ኬታኪን ለምንኩስና የሰጠችው እየሳቀች ነበር። ሰው ፊት ማለቴ ነው። በእኛ በሕንድ ጃይኖች እምነት የምትመነኩስ ልጅ ያላትን ሁሉ ለሕዝብ ትበትናለች፤ ኬታኪም አምባሯንም ጉትቻዋንም በትና ጨረሰች። ጸጉሯ በእጅ ተነቀለ። የቀራት ነጭ ልብስ፣ የእንጨት ሳህንና ነፍሳት እንዳትረግጥ መንገዷን የምትጠርግበት የሱፍ መጥረጊያ ነው።

ልብሱን ያቀረበችው እናቷ ናት። ጧት ከበዓሉ ድንኳን ጀርባ ጠርዙን ስትሰፋ አይቻታለሁ። የድንኳኑን ገመድ ሲያስር የነበረ አንድ የማናውቀው ቀጭን ሰውም አይቷታል።

ኬታኪ የተቀላቀለቻቸው መነኮሳት ወደ ተቀደሰችው ከተማ ወደ ፓሊታና በእግራቸው በወጡ ማግስት፣ ቪማላ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

«ያ ድንኳን ተካይ የለም፣ እትዬ። እነሱ በሄዱበት መንገድ ሄደ አሉ።»

«ይሂዳ! ከመነኩሴ ምን ሊሰርቅ ነው? መጥረጊያ?»

አልሳቀችም። «የእናቴን የአንገት ወርቅ ጠርዙ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። አንድ የኔ ነገር ይኑራት ብዬ።»

በባጃጅ ተከተልናቸው። ከሩቅ ስናያቸው መነኮሳትን በመኪና ማሳደድ ነውር ነውና ወርደን ባጃጁን መለስነው። አንድ ትልቅ ዋርካ ጋ ደረስንባቸው። ከዛፉ ላይ አንዲት ወፍ እንኳ አልተሰማችም።

«ማንም ተከትሎን አያውቅም» አሉ አሮጊቷ እማሆይ። «ዛሬ ግን ከኋላችን ሰው አለ። ስንቆም ይቆማል።»

ቪማላ ወርቁን ጠርዙ ውስጥ እንደሰፋች እያለቀሰች ተናገረች። ኬታኪ ጠርዙን በጥፍሯ ተረተረችና ወርቁን እናቷ እግር ሥር መሬት ላይ አኖረችው።

«የእኔ አይደለም።»

«ልጄ...»

«እኔም ያንቺ አይደለሁም» አለች በቀስታ። መነኮሳቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቪማላ ወርቁን አንስታ ጨበጠች። ያን ጊዜ ሰውየው ከዋርካው ጀርባ ብቅ አለ። አልሮጠም፤ አልጮኸም።

«ጣይው!» አልኳት። «ጣይውና እንሂድ!»

«እህቴ፣ እጅሽን ክፈቺ» አለ ሰውየው፣ የሚለምን ይመስል።

አልከፈተችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፈታቸው። ሁለተኛው ሲሰበር ሰማሁት። እኔን ዞር ብሎም አላየኝም፤ ወርቁን ይዞ በጥጡ ማሳ ውስጥ ገባ።

የቪማላ ጩኸት ሩቅ ሄዷል መሰለኝ፣ ነጫጮቹ ልብሶች ቆሙ። አንደኛዋ ተመለሰች። ኬታኪ ነበረች። እናቷ እየቃተተች፣ እሷ ከፊቷ ያለውን መሬት እየጠረገች፣ ቀስ ብላ መጣች። ያን ያህል የረዘመብኝ መንገድ የለም።

ተቀምጣ ጣቱ የተሰበረውን የእናቷን እጅ ያዘች።

«ያማል?»

«ያማል።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኬታኪ ልትሄድ ተነሳች። ቪማላ በደህናው እጇ የልጇን ልብስ ልትይዝ ትችል ነበር፤ አልያዘችም።