የድፍረት ሽምብራ

«ሰላም ብዬ አልፋለሁ» አለ ማሩ።

«ወዴት ነው የምታልፈው? ኬላው ላይ ጠመንጃ የያዙ አራት ሰዎች ቆመዋል እያልኩህ!» አለ ሙሳ።

«አንድ ጆንያ ጨው እሸከማለሁ። ፊት ለፊት ሄጄ እንዴት ዋላችሁ እላቸዋለሁ። የሚያዘው የሚሸሽ ነው። ሰላም የሚልን ማን ይጠረጥራል?»

ካሳሁን አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ። ሙሳንም ደስ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሞከር፣ ካሳሁን ከወይራ ጠርቦ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያደረገባትን ስድስት ጎን እንጨት መጣል የጨዋታው ደንብ ነበር፤ ከሦስት በታች ከወጣ ነጋዴው ይያዛል። ሙሳ ግን በነገሩ ስለተደሰተ እንጨቷን አላስጣለም። አምስት ሽምብራ ቆጥሮ ማሩ መዳፍ ላይ አደረገለት።

ግንቦት 1980 ዓ.ም. ነበር። ሦስቱ ከወይዘሮ ዘይነብ ሱቅ ጀርባ ባለችው የእህል ክፍል ውስጥ ከተደበቁ አርባ ቀን ሊሆናቸው ነው። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ አፈሳ አለ። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የታዘዘውን ሰው እስኪያሟላ ድረስ አብዮት ጠባቂዎቹ ወጣት ካገኙበት እያነቁ ይወስዱ ነበር። ሙሳ የዘይነብ የእህት ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ መንገዱን ሁሉ አዳርሶታል። ካሳሁን የጎረቤት አናጢ ነው። ማሩ ደግሞ ከከተማው አጠገብ ጋፋት የሚያርስ ገበሬ ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ ገብሳቸውን ለዘይነብ ነበር የሚያመጡት፤ እናቱም ያንን አስበው «አደራሽን» ብለው ልጃቸውን ለእሷ ሰጥተዋል።

ጨዋታውን የፈጠረው ሙሳ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ካሳሁን ግድግዳውን በቡጢ መምታት ስለጀመረ፣ አንድ መላ ካልተገኘ ጮኾ እንደሚያስይዛቸው ገብቶት ነበር። ማሩና ካሳሁን ከደብረ ታቦር መተማ በቅሎ የሚነዱ ነጋዴዎች ይሆናሉ። ሙሳ መንገዱን ይተርካል፤ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ለካሳሁን ይህ በቂ ነበር። ማሩ ግን ሽፍታ መጣ ሲሉት ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፤ ወንዙ ደፈረሰ ሲሉት እስኪጎድል እጠብቃለሁ ይላል። ሰውዬው በጨዋታውም ውስጥ ተደብቆ ነበር።

ሙሳ ሽምብራውን ያሰበው ያኔ ነው። ለሚጠብቅ ምንም የለም። ለሚሞክር አንድ፣ ለደፋር ሦስት፣ ሲበዛ አምስት። አሥር ያጠራቀመ በጨርቅ የተወተፈውን የመዝጊያ ስንጥቅ ከፍቶ ገበያውን የማየት ተራ ያገኛል። ቀንም ሌሊትም ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ሽልማት አልነበረም። ማሩ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ። ከሽፍታ ጋር ይከራከራል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ሲስቅም ጥርሱ ይታያል። ሙሳ ይህን ባየ ቁጥር ሰው አደረግሁት እያለ በልቡ ይኮራ ነበር።

ማሩ አምስቱን ባገኘ ማግስት የገበያ ቀን ነበር። ማሩ አሥር ሽምብራውን አስረከበና ጨርቁን ነቅሎ ዓይኑን ስንጥቁ ላይ አደረገ።

«እህሳ? ምን አለ?» አለው ካሳሁን።

ማሩ ግንባሩን መዝጊያው ላይ ለጠፈ። «በሬያችን» አለ። «እናቴ በሬያችንን ወደ ከብት ተራ እየነዳች ነው።»

«ምናልባት ሌላ ሴት ትሆናለች» አለ ካሳሁን።

«በሬዬን ላላውቀው ነው? ወሩ አልቆ ሰኔ ሊገባ ነው፤ የሚያርስ ሰው የለኝም ብላ ተስፋ ቆርጣለች። ያለን ከጎረቤት ጋር የምናቀናጀው አንድ በሬ ነው። እሱን ከሸጠች በቃ፣ ቤታችን ተዘጋ።»

«ተቀመጥ» አለ ሙሳ። «አክስቴ እስክትመለስ ጠብቅ። እሷን ልከን እናስተዋታለን።»

«እስክትመለስ ይሸጣል።» ማሩ ከጥጉ አንድ ጆንያ ጨው ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጫነ።

«አብደሃል? ይይዙሃል!»

«ያልፋል ብለህ አምስት ሰጥተኸኝ የለ?»

ሙሳ የጆንያውን ጫፍ ያዘ። ያ ጨዋታ ነው፣ ሽፍቶቹም ጠባቂዎቹም እኔው ነኝ፣ እኔ ነኝ ያሳለፍኩህ ሊለው ፈለገ። ግን ያ አንገቱን ደፍቶ የከረመው ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲያየው፣ ማን ያውቃል፣ ያልፍ ይሆናል ብሎ አሰበ። ጆንያውን ለቀቀለት፤ ማሩም ወጣ።

ሙሳ ሁሉንም በስንጥቁ አየ። ማሩ ሳይቸኩል ሄደ። መንገዱ ጥግ ላይ ወደቆሙት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቀርቦ እጅ ነሳ። አንደኛው አጸፋውን መለሰለት፤ ፈገግም ያለ መሰለ። ማሩ አለፋቸው። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ ሄደ። ሙሳ በደስታ የካሳሁንን ክንድ ጨበጠ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ጠባቂ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው ዞር ብሎ «ወንድም፣ መታወቂያህን» አለ።

ማሩ አልሮጠም። ጨው እንዳይፈስበት ጆንያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። እጆቹን ወደ ኋላ ሲያስሩት ሙሳ ማየት አቃተውና ጨርቁን መልሶ ወተፈው።

በነጋታው ረፋድ ላይ ዘይነብ መዝጊያውን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው።

«ውጡ» አለቻቸው። «የጎደላቸው አንድ ሰው ነበር፤ ሞላላቸው። የጋፋት ይሁን የየትም አልጠየቁም። ማሩን የጫነው መኪናም ጠዋት ሄዷል።»

«ተመስገን!» አለ ካሳሁን፤ ወዲያው ደንግጦ አፉን ያዘ።

ዘይነብ አልተቆጣችውም። ጆንያ ላይ ተቀመጠችና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ለእናቱ ለወርቅነሽ ምን ብዬ ነው የምነግራት? አደራ የበላሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ አይደለሽም፣ አክስቴ» አለ ሙሳ። «እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ጋፋት ሲደርስ በሬው ደጃፉ ላይ ታስሮ ሣር ይበላ ነበር። ወይዘሮ ወርቅነሽ ዋጋው አልጥማቸው ብሎ ትናንቱኑ ማታ መልሰው ነድተው ገብተዋል። ወሬውም ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ ጎረቤቶች ከበዋቸው ነበር። ሙሳን ሲያዩ ከመደቡ ተነሱለት።

«አንተ አብረኸው የነበርህ ነህ? ግባ ልጄ፣ ግባ። እንኳን አንተ ተረፍህ።»

ሙሳ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እስቲ ንገረኝ» አሉት። «የኔ ልጅ እኮ ፈሪ ነበር። ዶሮ እረድ ስለው ጎረቤት ይጠራልኝ ነበር። ለዚህም ነው እደበቃለሁ ሲለኝ እሰይ ያልሁት፤ ፈሪ ልጅ ይተርፍልኛል ብዬ። ጠባቂ ፊት ሄዶ እንዴት ዋላችሁ አለ ይሉኛል። ምን ነካው? ሰይጣን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

«ሰይጣን ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል» አሉ አንዲት ጎረቤት። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሙሳ ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። አብሯቸው ራሱን ነቅንቆ፣ ያቀረቡለትን ቀምሶ፣ ሳይመሽ ከተማ ይገባ ነበር።

«ሰይጣን አይደለም፣ እማማ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ከመደቡ በታች መሬት ላይ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነግራቸው ጀመር።