ጄኔራሉና የኮሪደሩ አውሬ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት ብትገኝ የጻፈው እጅ ይሰንክል! ያመነ ይመን፣ ያላመነ የጄኔራሉን ልጅ ይጠይቅ፤ ሁሉንም በዓይኗ አይታለች።

ጄኔራሉ ጦር ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ማዕረጉን የሰጡት የዳቦ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ መጋዘናቸውን ከአይጥ ያጸዳላቸው ዕለት። ሥራው አይጥ ማጥፋት ነው። ያ ግዙፍ ጫማው ደረጃ ላይ ኳ ሲል ሦስት ሰፈር ያሉ አይጦች ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሰደዳሉ። ልጁ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ በአንድ የምርምር ማዕከል ተቀጥራ አይጥ ትቀልባለች! መድኃኒት የሚሞከርባቸው፣ ጥጥ የመሰሉ ነጫጭ አይጦች።

«እኔ የምገድለውን አንቺ ታሳድጊያለሽ» ይላታል እራት ላይ። «ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል በይኛ!»

አንድ ቀን በማዕከሉ ኮሪደር አንድ የዱር አይጥ ታየ። ወደ ነጮቹ ክፍል ገብቶ በሽታ ካስተላለፈ ስንት ዓመት የተለፋበት ምርምር ገደል ገባ ማለት ነው፤ ነጮቹም አንድ ሳይቀሩ ይወገዳሉ። መርዝ መርጨት ደግሞ ክልክል ነው፣ ምርምሩን ያበላሻል። የተጠሩት ትልልቅ ድርጅቶች ሁሉ «ያለ መርዝ አይሆንም» ብለው ሄዱ። ይኼኔ ልጅቷ ብድግ አለች።

«አባቴ ያለ መርዝ ይችለዋል።»

«በማን ኃላፊነት?» አለች የማዕከሉ ኃላፊ፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ።

«በእኔ።»

ጄኔራሉ ማታ ይህን ሲሰማ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰ። «ምን ነካሽ ልጄ? የእንጀራ ገመድሽን ታስይዣለሽ?»

«አባዬ፣ በባዶ እጄ እይዛለሁ የምትለው አንተ አይደለህ?»

ጥርሱን ነከሰ። ሺህ አይጥ ቢሰለፍ እንኳ የልጁ አንገት አይደፋም አለ፤ ባትሪውን፣ ወጥመዱንና ጫማውን ይዞ ገባ።

ከጠዋት ጀምሮ በሆዱ ተኛ። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር፣ ወለሉን በጉንጩ እየጠረገ፣ ግድግዳውን ስንዝር በስንዝር በባትሪ አበራ። ኃላፊዋ ልትረግጠው ትንሽ ቀራት።

«ጋሼ፣ አይጥ ተኝተው ነው እንዴ የሚይዙት?»

«ዶክተር፣ አይጥ የሚሄድበትን ለማየት አይጥ ያህል ዝቅ ማለት ነው።»

እውነትም ከግድግዳው ሥር ቅባት የነካው የሚመስል ጥቁር መስመር አገኘ። አይጥ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ሲመላለስ ገላው የሚተወው እድፍ ነው። ተከትሎት ሄደ። መስመሩ ከውሃው ቧንቧ ጀርባ ወደ ውጭ በምትወስድ ቀዳዳ አለቀ። ለሌላ ሰው አውራ ጣት የማታስገባ ሽንቁር ናት፤ ለጄኔራሉ ግን የከተማ በር ነበረች! የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ለሰነባት። ሽቦ አይጥ አይደፍረውም፣ ጥርሱን ያመዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ታጥቦ ይወጣ ነበር። ግን ቀዳዳ ደፍኖ ቤቱ የሚገባ ጄኔራል የት አለ? በየጥጉ ወጥመድ አኖረ፤ ግን ገና አላጠመደውም። የዱር አይጥ አዲስ ዕቃ ይጠረጥራል፣ እስኪለምደው በሰላም ማብላት ነው። በየወጥመዱ ላይ የተፈጨ ኦቾሎኒ አደረገ፤ ወለሉ ላይም ዱካ እንዲያሳይ የሕፃን ፓውደር በተነ።

«ጋሼ፣ እያባረሩት ነው ወይስ እየቀለቡት?» አለች ኃላፊዋ።

«ልጄ ከቀለበች እኔ ምን አነሰኝ!»

እናንተዬ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያስገርመው። ኦቾሎኒው በየቀኑ ተልሶ ያልቃል፤ ፓውደሩ ላይ ግን አንዲት ዱካ የለችም! አውሬው በጣሪያ የሚሄድ ነው ማለት ነው። ጄኔራሉ በቁጭት ነደደ። ቤቱ ሲገባ እህል አልወርድለት አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ምግብ ዘጋህ?» ብትለው ሚስቱ፣

«የልጄ ነገር ነው የዘጋኝ» አላት።

በሰባተኛው ቀን፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ ልጁ ብቻ የክፍሏ በር ላይ ቆማ ሳለ፣ አውሬው ከጣሪያው ዱብ አለ። ድመት ያክላል ቢባል ድመት ይቀየማል! ጢሙ መጥረጊያ፣ ጥርሱ መጋዝ። ጄኔራሉ ባዶ እጁን ገጠመው። ባልዲው ተገለበጠ፣ መደርደሪያው ተደረመሰ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አንገቱን አንቆ በብረት ሳጥን ውስጥ ከረቸመበት፤ በኮቱ ጠቅልሎ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።

«አይክፈቱት ዶክተር፣ ዓይኑ ያስደነግጣል!» ብሎ በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ቆሻሻ ማቃጠያ ወሰደው።

ኃላፊዋ ፓውደሩን መረመረች፣ ንጹሕ ነው። ነጮቹም በጤና ናቸው። የጄኔራሉን እጅ ጨበጠችና የማዕከሉን የአይጥ መከላከል ሥራ ሁሉ ሰጠችው፤ ልጅቷንም «አባትሽን ታውቂያለሽ» አለቻት።

እሑድ ዘመድ ተሰበሰበ። ጄኔራሉ ሶፋው ላይ ቆሞ አውሬው እንዴት እንደዘለለ አሳየ። የሚስቱ እህት ግን ከድሮም ጠርጣራ ናት።

«ጋሼ፣ እርስዎን ሰማን። እስቲ አንቺ ንገሪን፣ አይተሻል አይደል? በእውነት ድመት ያክል ነበር?»

ልጅቷ ብርቱካን እየላጠች ነበር። አባቷን ቀና ብላ አየችው። እሱም ቀስ ብሎ ከሶፋው ወረደ።

«ሳጥኑ ባዶ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መደርደሪያውም ባልዲው አደናቅፎት ሲደገፍበት ነው የወደቀው። ኦቾሎኒውን የሚጨርሰው ራሱ ነበር፤ ጣቱን ሲልስ አይቼዋለሁ።» የላጠችውን ብርቱካን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለአባቷ ሰጠችው። «አይጡማ አባዬ ያቺን ቀዳዳ ከደፈነበት ሰዓት ጀምሮ አንድም ቀን አልገባም።»