ወረቀት እጅ አይይዝም

የፋብሪካው ተርጓሚ ደሟ የፈላው ገና የአደጋውን ሪፖርት ሳትጨርስ ነው። ማን ይፈርድባታል! የካርቶን መቁረጫ ማሽኑ አራት ጣቶቹን የበላበትና ሆስፒታል የተኛው ሰው የገዛ አጎቷ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አናቷ ላይ ቆሞ፣ ውጭ አገር ላሉት ባለቤቶች የሚላከውን እንግሊዝኛ ሊመርጥላት ይፈልጋል።

«እዚህ ጋ ‹ፎርቢድ› ያልሽውን አጥፊና ‹ፕሪቬንት› በዪው» አላት። «ያው መከልከል አይደል እንዴ?»

ያው! አፉን ሞልቶ ያው ይላል!

«ያው አይደለም ጌታዬ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «የመጀመሪያው በአፍ ነው፤ ‹እንዳታደርግ› ማለት። ሁለተኛው እንዳይቻል አድርጎ መዝጋት ነው። እኛ ተናገርን እንጂ መቼ ዘጋን?»

እውነቷን ነው። የምላጩ ብረት ክዳን ካርቶን እየያዘ ሥራ ያጓትታል ተብሎ፣ በራሱ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ከተፈታ ስምንት ወር አልፎታል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይገጠማል፣ ተቆጣጣሪው ሲወጣ ይፈታል። በቦታው «እጅ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱን የጻፈችው እሷው ናት፤ ይበልጥ ያንገበገባትም ይኸው ነው።

አሁን «ፕሪቬንት» ከተባለ ክዳኑ በቦታው ነበር ማለት ነው። ክዳኑ ከነበረ ደግሞ የፈታው አጎቷ ሊሆን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ካገለገለበት ፋብሪካ፣ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ እንደ ጥፋተኛ ሊባረር ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሐፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም!

«የኔ እመቤት፣ ቋንቋ አታስተምሪኝ» አለ። «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል!»

«እዚህ ቤት የተበላው የአጎቴ ጣት ነው!»

ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው። ሁለት ሠራተኞች በር ላይ ቀጥ አሉ። እሷ ግን ማንንም አላየች፤ ብድግ ብላ በመስኮቱ ወደ ማሽኑ አመለከተች።

«ያው ከሆነ ይውረዱና እጅዎን ያስገቡበት! ወረቀቱ ይያዝልዎት! ይሂዱ እንጂ!»

ሰውዬው ሳያውቀው ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

እሷ ተመልሳ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። «ፎርቢድ» የሚለውን እንደነበረ ተወችው። ከሥሩም ክዳኑን ማን እንዳስፈታው፣ መቼ እንዳስፈታው፣ የሥራ አስኪያጁን ስም ከነአባቱ ጨምራ ጻፈች። ነገ ሥራ እንደሌላት አላጣችውም።

«እንዳትልኪ!» ብሎ ጮኸ። «እንዳትልኪ ብያለሁ!»

እጁ ገና ከኪሱ አልወጣም። ላከችው።