ሪሃና የቀዘፈች ዕለት

ሙሀመድሰዒድ መኪናውን ፓርክ አድርጎ እስኪወርድ ሪሃና አልጠበቀችውም። ሮዝ ሸሚዟን በሹራብ ሸፍና፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወደ ጀልባዎቹ ቁልቁል ወረደች። ሐይቁ ከአትላንታ ወደ ሰሜን ነው። ከሚኖሩበት ከዲኬተር ከተነሱ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረችም። ባሏ ስንት ዓመት አብሯት ኖሮ ዝምታዋን ያውቀዋል። ይሄኛው ሰው ለከባድ ሥራ ሲዘጋጅ ዝም የሚለው ዓይነት ነበር።

ሪሃና በጡት ካንሰር ታማ ነበር። ይህን ከሐበሻው መሃል የሚያውቁት እሱና ልጃቸው ሁዳ ብቻ ናቸው። ሰርጀሪ ስታደርግ «ወገቧን ነው» ተባለ። ፀጉሯ ሲረግፍ ሂጃቧ ሸፈነላት። ከሰው ስትርቅ ደግሞ ኮንየርስ ያለው የምትሠራበት ዌርሃውስ የሌሊት ሽፍት ሰጥቷት ነው እያለ ሙሀመድሰዒድ ለጠየቀው ሁሉ መለሰ። እንደብቀው ያለችው ራሷ ናት። በዘር የሚሄድ በሽታ ነው ይላሉ፣ ነገ ሁዳን ማን ያገባታል ብላ ስታለቅስበት እሺ አለ። እሺ ይበል እንጂ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ሲቆጠቁጠው ኖሯል። ሚስቱ ከሞት ጋር ታግላ አሸንፋ፣ እሱ ግን ስለ ወገብ ሕመም ያወራል።

ወደ ሐይቁ ያመጣቻት ሜይሊን ናት። ሜይሊን ኬሞ ሲወስዱ ከሪሃና አጠገብ የምትቀመጥ ቻይናዊት ነበረች። ሪሃና ድና ስትወጣ፣ ከዚያ ሕመም የተረፉ ሴቶች ብቻ የሚቀዝፉባት በዘንዶ አምሳል የተሠራች አንዲት የቻይኖች ጀልባ አለች፣ ነይ አለቻት። ሪሃና ዋና አትችልም። ከሰርጀሪው ወዲህ ቀኝ እጇ እንኳን መቅዘፊያ የሻይ ማንቆርቆሪያም አያነሳም ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሕመሙ ብዛት መኪና ውስጥ አለቀሰች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እሱን ቀድማ ተነስታ ጫማዋን አድርጋ ጠበቀችው። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ትልቁን የሩዝ ከረጢት ከመኪናው አውርዳ ኩሽና ድረስ ስትሸከመው፣ ሙሀመድሰዒድ በሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ዛሬ የዘንዶ ጀልባዎቹ በዓል ነው። ዳርቻው ላይ ድንኳኑ ተደርድሯል፣ የሰዉ ብዛት ሌላ ነው። አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ በቀጭን ብሩሽ የእያንዳንዱን ዘንዶ ዓይን በቀይ ቀለም ነካ ነካ አደረጉ። የጀልባው አፍንጫ ላይ የተተከለው የእንጨት ራስ ዓይኑ እስኪቀባ ድረስ ተኝቷል፣ ሲቀባ ይነቃል ይላሉ። ሙሀመድሰዒድ ይህን እያየ ሳለ ሁዳ መጥታ እጅጌውን ያዘችው።

«አባ፣ እንዳትቆጣ። ሙኒርን ጠርቼዋለሁ። እናቱንም ይዟቸው መጥቷል።»

ሙኒር ሁዳን ሊያገባ የሚፈልገው የማሪዬታው ልጅ ነው። ሙሀመድሰዒድ ቀና ሲል የሙኒር እናት ወይዘሮ ዋሲላ ጥላ ይዘው በሣሩ ላይ ቀስ እያሉ ሲመጡ አየ። ሪሃና ጀልባው ላይ ወጥታለች፤ ሮጦ ሊነግራት አይችል። በሴት ልጁ ላይ አፈጠጠ። ሁዳ ግን ዓይኗን አልሰበረችም፤ በእናቴ ላፍር አልችልም፣ ጋብቻው ቢቀር ይቅር አለችው።

ወይዘሮ ዋሲላ በአክብሮት ሰላምታ ተለዋውጠው ከልጃቸው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዘንዶውን አይተው፣ እነዚህ ሰዎች ያመልኩታል እንዴ ብለው ጠየቁ። ሁዳ ሳቀችና ታሪኩን ነገረቻቸው። በጥንት ዘመን በቻይና አንድ እውነተኛ ሰው ለንጉሥ ምክር ሰጥቶ ተባረረ፤ አገሩ መውደቋን ሲሰማ ራሱን ወንዝ ውስጥ ጣለ። የወደደው ሕዝብ በጀልባ ወጥቶ ሊያድነው ቀዘፈ፣ አልደረሰበትም። ዓሣ እንዳይበላው ከበሮ መቱ፣ ሩዝ ወረወሩ። እስከ ዛሬ የሚቀዘፈውም፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ የሚበላውም ስለዚያ ነው። ሜይሊን ለእነሱ በሥጋ ፋንታ ቴምር ያለበትን ለብቻ ሠርታ ልካ ነበርና ሁዳ አንዱን ፈታ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ዋሲላ ሐላል መሆኑን አረጋግጠው ቀመሱ፣ ወደዱት፣ ሌላም ተቀበሉ።

ከሌላ ከተማ ከመጡት ጋር አራት ጀልባዎች መነሻው ላይ ተሰለፉ። በሁሉም ላይ ያሉት ሴቶች ሮዝ ለብሰዋል።

«ምነው ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም?» አሉ ወይዘሮ ዋሲላ። «ሪሃናስ ከእነሱ ጋር ምን ታደርጋለች?»

ዩኒፎርም ነው የሚል ቃል የሙሀመድሰዒድ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ሪሃና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና መቅዘፊያዋን ከራሷ በላይ አነሳች፤ በዚያችው በቀኝ እጇ። ሙሀመድሰዒድ ቃሉን ዋጠው።

«ወይዘሮ ዋሲላ፣ እነዚህ ሴቶች የጡት ካንሰር ይዟቸው የተረፉ ናቸው። ሪሃናም አንዷ ናት። ደብቀንዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉን።»

ወይዘሮዋ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ጥሩምባው ተነፋ።

ከበሮው ጀመረ። ሜይሊን ከፊት ተቀምጣ ትመታለች፣ ሃያው መቅዘፊያ አንድ ላይ ይገባል፣ አንድ ላይ ይወጣል። የእነ ሪሃና ጀልባ ሲነሳ የመጨረሻ ነበር። ግማሽ ላይ አንዱን አለፈ። ሙሀመድሰዒድ ሳያውቀው እስከ ውሃው ጠርዝ ወርዶ ጫማው ረጥቧል። የሚስቱን ፊት አየው፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ከፊቷ ካለችው ሴት ትከሻ ሳትነቅል ትቀዝፋለች። ሌላውንም አለፉ። መጀመሪያው ላይ ለመድረስ የዘንዶው አንገት ያህል ሲቀራቸው መድረሻው መጣ። ሁለተኛ ወጡ። ዞር ሲል ወይዘሮ ዋሲላ ቆመዋል፣ ጥላቸው ሣሩ ላይ ወድቋል።

ውድድሩ ሲያልቅ ጀልባዎቹ ወደ ዳር አልመጡም። ሐይቁ መሃል ተጠጋግተው ቆሙ፣ ሴቶቹ ከጀልባ ጀልባ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከዚያ እያንዳንዷ አበባ አነሳች። የሞቱት ጓደኞቻቸው ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። አበባውን ወረወሩት። ውሃው ሮዝ ሆነ።

አጠገባቸው የተቀመጠች አንዲት አሜሪካዊት እንባዋን ጠርጋ ማንን ሊያዩ እንደመጡ ጠየቀች። ወይዘሮ ዋሲላ በጣታቸው አሳዩና ልጃቸውን፣ «ተርጉምላት» አሉት። «ያቺ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው፣ የልጄ አማት ናት በላት።»

ሙኒር እስከ ጆሮው ቀላ። ሽማግሌ እንኳ አልተላከም። ቢሆንም ተረጎመ።

ሙሀመድሰዒድ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። አመሰግናለሁ ሊል ሲጀምር ወይዘሮዋ እጃቸውን አወናጨፉ።

«በሽታ የማያውቀው ቤት ካለ ይጠቁሙኝና ልጄን እዚያ ልዳር» አሉት።

ሪሃና እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች፣ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አድርጋ ስትመጣ ወይዘሮ ዋሲላን አየችና ቆመች። ወይዘሮዋ ሄደው አቀፏት፤ ቀሚሳቸው እስኪረጥብ አልለቀቋትም። ምን እንዳሏት ሙሀመድሰዒድ አልሰማም። ሪሃና ግን አንገታቸው ስር ተደፍታ ስትስቅ ሰማ።

ሲመለሱ ዲኬተር ያለው የሐበሻ ሱቅ ጎራ አሉ። ሹራቧን መኪና ውስጥ ትታው ገባች። ባለሱቋ ሐረገወይን ሜዳሊያውንም ሮዝ ሸሚዟ ላይ ያለውንም ጽሑፍ አይታ፣ ምንድን ነው እሱ ብላ ጠየቀች። ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። ሙሀመድሰዒድ በልማዱ ሊመልስላት አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ።

«የጡት ካንሰር ይዞኝ ነበር» አለች ሪሃና። «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ። ዛሬ በጀልባ ተወዳድረን ሁለተኛ ወጣን።»

ሐረገወይን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንዴት ነው የሚቀዘፈው አለቻት። ሪሃና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ አነሳች፣ በበርበሬውና በምስሩ መደርደሪያ መሃል እግሯን አንፈራጣ ቆመች፣ ወገቧን አጥፋ መጥረጊያውን ወደፊት ዘረጋችና ሳበችው። ሴቶቹ ከበቧት። አንዷ፣ እስቲ ድገሚው አለቻት።

ሙሀመድሰዒድ ሽንኩርት ይመርጥ ጀመር። አልቸኮለም፤ አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ የሚስቱን ድምፅ እያዳመጠ፣ ጠንከር ያለውን ከረጢት ውስጥ ጨመረ፣ ለስለስ ያለውን መለሰ።