የኪዋኮ አነሣሥ

ኪዋኮ ወድቃ ግራ ዳሌዋ ከተሰበረ አምስት ወር ሆኗታል። በአንድ የጃፓን ፍል ውሃ መንደር፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሠላሳ ዓመት ምግብ አቅርባለች። ሥራው የሣር ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ማቅረብ፣ ተነሥቶ መሄድ፣ እንደገና መንበርከክ ነው። ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ግን ከሳምንት ሳምንት እየከዳት መጥቷል። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዛሬ የምትታከምበት ክሊኒክ በጎልማሳነታቸው ጉልበት የሚከዳቸውን ሰዎች ቀድሞ የሚለይበት ቀን ነው። ደክሞ የተገኘ ሦስት ወር ሕክምና ይጨመርለታል፤ ያልደከመ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኪዋኮ እነዚያን ሦስት ወሮች አጥብቃ ትፈልጋቸዋለች።

ሃያሳካ የሚባለው ወጣት ፊዚዮቴራፒስት የምርመራ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ደረጃ መውጣት ያስቸግርዎታል?»

«ኧረ ምንም አይለኝም!»

«ሰሞኑን ወድቀው ነበር?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!» ብላ ሳቀች። ባለፈው ማክሰኞ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ግማሽ ሰዓት መነሣት አቅቷት ነበር።

ምን ታድርግ! እኛ ጃፓኖች ዘንድ ጨዋ ሴት ሰው አታስቸግርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ቢባልም፣ እሷ መቼ ሰማች! «ሲያየኝ ራሱ ይገባዋል» ብላ ተስፋ አደረገች።

«በሉ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከተቀመጡበት ዱካ ይነሡ።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሥራ ስትጀምር ያሠለጠኗት አሮጊት «እንግዳ ድካምሽን ካየ ምግቡ ይመረዋል» እያሉ መነሣት ብቻ አንድ ዓመት አስተምረዋታል። እጅ እንደምትነሣ ከወገቧ ጎንበስ አለች፤ ክብደቷን በቀኝ እግሯ ላይ ጥላ፣ ሳታቃስት፣ ቀጥ ብላ ተነሣች። መንገዳገድ ፈልጋ ነበር። ሰውነቷ ግን የለመደውን አደረገ።

«እንዴት ያምራል! የሃያ ዓመት ልጅ እኮ ነዎት!» አለና ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

«ዶክተር…»

«አቤት?»

ልትነግረው ነበር፤ ግን ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «በጣም አመሰግናለሁ» አለች።

ሰኞ ሥራ ገባች። ማታ ላይኛው ፎቅ ለሁለት ሽማግሌዎች ዓሣውን ተንበርክካ አቀረበችና ልትነሣ ስትል ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት። ቀኙም ብቻውን አልቻለም። ሁለቴ ሞከረች። ከዚያ የኪሞኖዋን ጫፍ አስተካክላ ፈገግ አለች።

«አየህ የድሮ ሰው!» አለ አንዱ ለጓደኛው። «የዛሬዎቹ ሳህኑን ወርውረው ይሮጣሉ፤ እሷ ግን ልታጫውተን ቁጭ አለች።»

«እሰይ፣ ተጫወቺ እህቴ!» አለ ሌላው።

የማረፊያው እመቤት ከታች ስሟን ጠሩ፤ ቀጣዩ ምግብ እየቀዘቀዘ ነው። ኪዋኮ ለሽማግሌዎቹ አረቄ ቀዳች።

«መጣሁ!» አለች፣ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ።