ጉንጩን አይቻለሁ

«መጨረሻ ላይ እኮ ዓይኑ ከድቶት ነበር» አለች ጎረቤቲቱ ዳቦዋን እያላመጠች። ሹክ ማለቷ ነበር፤ እሷ ሹክ ስትል ግን እስከ በሩ ድረስ ይሰማል። «መልአኩን ከሌላው ዓሣ መለየት አቅቶት፣ መሳቂያ ሆኖ…»

የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው የሟች ታናሽ እህት ነበረች። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው፤ ይህን ወሬ ስትሰማ ደግሞ አራተኛ ጊዜዋ። አራቱንም ጊዜ «እንዲያ አይደለም» ልትል አፏን ከፍታ፣ «ሻይ ጠጡ እንጂ» ብላ ዘግታዋለች።

የሟች ሚስት ግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ፎቶግራፉ ቆሟል፤ ከፎቶግራፉ ፊት መነጽሩ።

ሟች ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቤታቸው አኳሪየም ላላቸው ሰዎች የባሕር ዓሣ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ «ዓይናማው» ነበር የሚለው። በተለይ ድንክ መልአክ በሚባሉት፣ ከጣት በማይረዝሙት ዓሦች አይታማም። ቢጫውን ከቢጫው፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት ያለውን ከሌለው፣ የመጡበት ከረጢት ሳይፈታ ይለይ ነበር። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ጭራሽ መልአክ ያልሆነው ነው። ትንሽ ሳለ የመልአኩን ቢጫ ለብሶ ሰው የሚያታልል ሌላ ዓሣ አለ።

«ቀለሙን ተዪው፤ ቀለምማ ማንም ይለብሳል» ይላት ነበር እህቱን። «ጉንጩን እዪ። መልአክ ከሆነ ጉንጩ ሥር እሾህ አለችው። አስመሳዩ እሾሁን ጭራው ሥር ነው የሚሸሽገው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ከዚያ ይስቃል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ሱቅ ግን የመልአኩን ስም የማወጣው እኔ ነኝ።»

ስሙን ካርድ ላይ ጽፎ፣ ከታች «ጉንጩን አይቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። ሳያይ ፈርሞ አያውቅም። ደንበኞቹም ከዓሣው ይልቅ ካርዱን ነበር የሚያምኑት።

አንድ ቀን እሱ በሌለበት፣ እህቱ ሱቁን ስትጠብቅ አዲስ ዓሣ መጣ። አንደኛው ቢጫ ዓሣ፣ ድንጋይ ሥር ተወትፎ ጉንጩን አላሳይ አላት። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ሊገዙት ቆመው ይጠብቃሉ። ትንሽ ጠበቀች፤ ታከታት። የወንድሟን የእጅ ጽሑፍ አስመስላ «ቢጫ ድንክ መልአክ፤ ጉንጩን አይቻለሁ» ብላ ጻፈች። ፈረመችለትም።

ከስምንት ወር በኋላ መምህሩ ዓሣውን በባልዲ፣ ካርዱን በኪሳቸው ይዘው መጡ። ዓሣው መዳፍ አክሏል፤ እንደ ጭቃ ጠቁሯል። «መልአክ ብዬ የወሰድኩት ሰይጣን ሆኖ አረፈው!» አሉ። ሱቁ በሳቅ ሞላ። ዓይናማው አልሳቀም፤ ካርዱን አገላብጦ አየና ወደ እህቱ ዞረ።

«ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፈረች። «አንተ ሙት ጋሼ፣ ራስህ ነህ! ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

በሱ ሞትና በራሷ ዓይን ማለች። እሱም አመናት፤ ከገዛ ዓይኑ ይልቅ እህቱን አመነ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ካርድ አልፈረመም። «አንቺ እዪልኝ፤ የኔ ዓይን እንግዲህ እምነት የለውም» ይላት ጀመር። መነጽር አሠራ። እሷ ነገ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲደርስ ደንበኛ ይበዛል፤ ከነገ ወዲያ እሱ ይከፋዋል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ሐኪሙ የቆየ የልብ ሕመም ነው አለ። ሁሉም አመኑት፤ እሷ ብቻ አላመነችም።

«እግዜር ያጽናችሁ» ብለው መምህሩ ለቅሶው ቤት ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ከሚስቲቱ ጎን ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ከደረት ኪሳቸው ካርዱን አወጡ።

«ዓሣው ቢያናድደኝም ይሄን አልጣልኩትም። የእጁ ጽሑፍ ነውና እናንተ ዘንድ ይቀመጥ ብዬ ነው።»

ሚስቲቱ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሳመችው። ዓይኗ ላይ አድርጋ «እጁን! የሱን እጅ!» እያለች አለቀሰች።

እህቲቱ ውሸቷ ሲሳም አየች። ሌላውን ሁሉ ችላ ነበር፤ ይህን ግን አልቻለችም። ትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«እትዬ፣ አትሳሚው። የሱ እጅ አይደለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጉንጩንም አላየሁም። እሱ ያኔ ዓሣውን በዓይኑም አላየው። ሲጠይቀኝ ዋሸሁት… በሰው ፊት ማልኩበት። የጋሼ ዓይን ምንም አልሆነም ነበር።»

ጎረቤቲቱ ማላመጧን አቆመች። መምህሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ «እኔም እኮ አሳቅሁበት» አሉ ለራሳቸው።

ሚስቲቱ አልጮኸችም። ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«መነጽር ሠሪው ነግሮታል» አለች ቀስ ብላ። «ዓይንህ ደህና ነው ብሎታል። እሱ ግን ‹እህቴ አትዋሽም፤ ዓይኔ ካልሆነ እንግዲህ አእምሮዬ ነው› አለኝ። ሰው ዓይኑ ነው ይበለኝ ብሎ ነው ባዶ መስታወት ያስገጠመው። ስሜ እንዳይጠፋው በየጠዋቱ ይጠራኝ ነበር፤ ‹ልክ ነኝ?› እያለ።»

እህቲቱ ተንበረከከች።

ሚስቲቱ መነጽሩን ከፎቶግራፉ ፊት አነሳች። በየጠዋቱ ታደርግለት እንደነበረው በሻርፕዋ ጫፍ ወለወለችውና ዘረጋችላት።

«አድርጊው።»

አደረገችው። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ዳቦው፣ ትሪው፣ የመምህሩ አቧራ የነካው ጫማ፣ ሁሉም እንዳለ ጥርት ብሎ ይታያል።

«አሁን እኔን እዪኝ» አለች እትዬ።

ሦስት ቀን ሙሉ መሬት መሬቱን ስታይ የሰነበተችው ቀና አለች። የእትዬን ጉንጭ አየችው፤ ርሷል።