የደረቁት ጎማዎች

ጎሚስታው ከጎማው ያወጣውን ከመነዳሪ የውሃ ገንዳው ውስጥ ነክሮ የሚተነፍሰውን ቀዳዳ ሲፈልግ፣ የጤና ሠራተኛዋ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ውሃውን ታያለች። የምታየው ግን አረፋውን አልነበረም።

"ይቺ የምትውረገረገው ትል ትታይሃለች? ነገ ክንፍ አውጥታ ቢምቢ ሆና ትበራለች" አለችው።

"እህቴ፣ ውሃው እኮ ንጹህ ነው። በየሳምንቱ እቀይረዋለሁ።"

"አሮጌውንስ የት ትደፋዋለህ?"

ጎሚስታው ወደ ጓሮው ዞር ብሎ አየ። የሚደፋው ጓሮ በተከመሩት አሮጌ ጎማዎች ላይ ነበር። ጎማ ውሃ ካልጠጣ በፀሐይ ይሰነጠቃል ብሎ ያስተማረው ሥራውን ያሳየው ሽማግሌ ነው፤ እሱም እንደ ችግኝ ሲያጠጣቸው ከረመ። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ትኩሳት እያንዘፈዘፈው፣ መገጣጠሚያው አልታዘዝ ብሎት ተኝቷል። የጎሚስታው ሚስት ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ የምትውለው እዚያው ጓሮ፣ ጥላው ሥር ነው።

"ለሚስቴ አጎበር ገዝቼላታለሁ" አለ።

"ልብስ ሰፊውን የጣለችው ይቺ ቢምቢ የምትነክሰው ቀን ነው፤ የሌሊት አጎበር ምን ያደርግላታል? ውሃውን ድፋ። ደሞ ልብ በል፣ ዕንቁላሏ ጎማው ላይ ተጣብቆ፣ ደርቆም ወራት ይቆያል። ዝናብ ሲያገኘው ይፈለፈላል።"

እሷ ስትሄድ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። ከየውስጣቸው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ቢምቢዎች ተነስተው ፊቱን ዞሩት። ፈራ። የከባድ መኪና ጎማ አጠገቡ ሲፈነዳ እንኳ እንዲህ አልፈራም። ጠላቱን በገዛ እጁ ቀልቦ አሳድጓል።

ከሰዓት በኋላ ጎማዎቹ ሲደርቁ፣ ሲጠብቀው የከረመው ገዢ መኪና ይዞ ከች አለ።

"ሁሉንም ጫንልኝ! ለመዋዕለ ሕፃናት ግቢ ነው። ልጆቹ ይዘሉባቸዋል።"

"ተመስገን፣ የወሊዴ ወጪ መጣ!" አለች ሚስቱ፣ ክንዷን እያከከች ከጓሮ ብቅ ብላ።

ጎሚስታው ክንዷን አየ። አዲስ የተነከሰ ቦታ ቀልቶ አብጧል።

"አይሸጡም" አለ።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ!" አለች ሚስቱ እየሳቀች። "ደርቀዋል እኮ፣ አንተ ሰው!"

"መድረቃቸውን አይቻለሁ፤ ዕንቁላሉ ግን አልሞተም። አንቺ ግቢና መስኮቱን ዝጊ።"

ሳቋ ጠፋ። ገዢው "እያሾፍክብኝ ነው?" እያለ ወደ መኪናው ሲመለስ፣ ጎሚስታው ላስቲክ የሚቆርጥበትን ቢላ ስሎ የመጀመሪያውን ጎማ በጉልበቱ ያዘና ዳግም ውሃ እንዳይቋጥር ሸረከተው። ከቤት ውስጥ ሚስቱ ክንዷን ስታክ ይሰማዋል።